የለቅሶ ዳቦ በመንግሥት ቅጽ ላይ

ሰኞ

የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ የወረዳ መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ዛሬ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ተደበቅኩ። ለሰው አላወራውም፤ እዚህ ግን ልጻፈው። ጋሽ ከድር ዳቦ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር፣ እንዳያዩኝ ነው። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "እህቴ፣ ባልሽ ነው እንዴ?" አለኝ። አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረዳችን የምግብ ቤቶችን ንጽሕና የምንቆጣጠረው እኔና ብሩክ ነን። ጠዋት የሳምንቱ ምድብ ተለጠፈ፤ ከስሜ ትይዩ የጋሽ ከድር ዳቦ ቤት። ዳቦ ውስጥ የጆንያ ክር ተገኘ ተብሎ አቤቱታ ገብቶባቸዋል። ቁጥጥሩን ካላለፉ ይታሸጋል።

አባዬ ክረምት ላይ ያረፈ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ለድንኳኑ ዳቦ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በርም ሸኝተውታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ዳቦው አንድ ቀን እንኳ አንስተው አያውቁም።

አሁን እኔ ምድጃቸውን ልፈትሽ ልግባ?

ማክሰኞ

እማዬን አማከርኳት። "ታዲያ አይተሽ ማለፍ ነዋ፤ ንጹሕ ሰው ናቸው" አለች።

"ካልሆኑስ?"

"ካልሆኑማ..." ብላ ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

ቢሮ ገብቼ ለአለቃችን ለወይዘሮ የሺ ተናገርኩ። የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቅጽ ሰጡኝ። ሳጥኖቹ፦ የትዳር ጓደኛ። ልጅ። ወንድም ወይም እህት። አማች። የንግድ ሸሪክ። እስክሪብቶ ይዤ ቀረሁ። ጋሽ ከድር የትኛውም አይደሉም። መጨረሻ ላይ "የተቀበሉት ስጦታ ካለ ይግለጹ" የሚል አለ። እዚያ ላይ "ለአባቴ ለቅሶ፣ የሦስት ቀን ዳቦ" ብዬ ጻፍኩ።

ወይዘሮ የሺ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ከተቆጠረማ ለቃሊቲ ተቆጣጣሪ ከሌላ ክፍለ ከተማ ልንለምን ነው!" ፈረሙ ግን። ዳቦ ቤቱ ለብሩክ ተሰጠ።

ቀለል አለኝ። ምሳዬን አሟጥጬ በላሁ።

ረቡዕ

ብሩክ ሄዶ መጣ። ያገኘው፦
የዱቄቱ ጆንያ ወለል ላይ ነው፣ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ የለም።
ወንፊቱ ተቀዷል (ክሩ ያለፈው በዚያ ነው)።
ጋጋሪዎቹ ፀጉራቸውን አይሸፍኑም።
ሌላው ንጹሕ።

አላሸገም፤ እስከ ሰኞ አስተካክሉ ብሏል። ካላስተካከሉ ያን ጊዜ ይታሸጋል።

እኔ ብሆን የወንፊቱን ቀዳዳ ልብ እል ነበር? እል ነበር። እጽፈው ነበር?

ደግሞ ብሩክ ስሜን ጠርቶ፣ "ሰናይት ነበረች የምትመጣው፤ በለቅሶው ዳቦ ስጦታ ምክንያት ቀረች" ብሎ ለጋሽ ከድር ነግሯቸዋል። የዚህ ሰው አፍ ራሱ የተቀደደ ወንፊት ነው።

ሐሙስ

ሥራ ከመግባቴ በፊት ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። የቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኞች ተሰልፈዋል፤ ማረሚያ ቤት ስንቅ የሚያደርሱ እናቶችም አሉ። ይህ ቤት ቢታሸግ ይሄ ሁሉ ሰው ወዴት ይሄዳል እያልኩ ተራዬ ደረሰ።

ጋሽ ከድር "ነይ የወዳጄ ልጅ" ይሉኝ ነበር። ዛሬ፣ "ስንት ይሁንልዎ?" አሉኝ። አንቱ አሉኝ! በእናቶቹ ፊት። ጆሮዬ ጋለ።

ሰልፉ እስኪሳሳ ቆሜ ጠበቅኩ። "ጋሼ፣ አስቀየምኩዎት?"

"ወንፊቱን ብትጽፊብኝ ምን ነበረበት? ወንፊት ይገዛል። ለቅሶዬን ስጦታ ብለሽ ለመንግሥት አስመዘገብሽ። እኔ ለአባትሽ ጋገርኩ እንጂ ለቢሮሽ ጋገርኩ?"

"ሳጥን አጥቼ ነው" አልኩ። እንዴት ያለ ደካማ መልስ! "ደግሞ እኔ ብመጣ ዓይኔ አያይም ነበር፣ ጋሼ።"

ዱቄት ከእጃቸው ላይ አራገፉ። "ቀድመሽ ብትነግሪኝ፣ እሷን አትላኩብኝ ብዬ እኔው ቢሮሽ እመጣ ነበር" አሉ። ዳቦውን ጠቅልለው ሰጡኝ።

እውነታቸውን ነው። ከአይሱዙ ጀርባ ወጥቼ መንገዱን መሻገር ነበረብኝ።

ዓርብ

ወይዘሮ የሺን ቅጹን ልሰርዝ አልኳቸው። "የገባ ሰነድ አይሰረዝም። ማብራሪያ ከፈለግሽ ግን አያይዢ።" አያያዝኩ፦ "ዳቦው ስጦታ አይደለም፤ ለቅሶ ነው። ከባለቤቱ ጋር የቤተሰብ ያህል ነን። ስለዚህ እሳቸውን ልቆጣጠር አልችልም።" ማኅተም መቱበት፤ ትንሽ ፈገግ ያሉም መሰለኝ።

ኮፒውን ለጋሽ ከድር ወሰድኩላቸው። ከራሳቸው አርቀው አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት።

"የቤተሰብ ያህል..." አሉ። "'ያህል'ን ምን አመጣው?"

ከዚያ፣ "ነይ ግቢ አንቺ ልጅ፣ በር ላይ አትገተሪ።"

ጆንያዎቹ ርብራብ ላይ ወጥተዋል። አዲስ ወንፊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንዱ ጋጋሪ ግን አሁንም ፀጉሩን አልሸፈነም። ልናገር? ልተው? ሳላስበው እጄ ወደ ሻሼ ሄደ። ጋሽ ከድር አዩኝ፣ ዞረው ጋጋሪውን አዩት። በቃል ባልናገርም ጠቆምኳቸው። ይሄኛው በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ ግን አላውቅም፤ ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ የሺን እጠይቃቸዋለሁ።

ብሩክ የሚሄደው ሰኞ ከሰዓት ነው። ቢያልፉም ቢታሸግባቸውም እጽፈዋለሁ፤ ከዚህ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ትቼለታለሁ።