ከሞግዚቶቹ ዳኛ ወንበር ላይ

ወዳጄ፣ ሰላም ነህ? ፖስት ካርዱ ላይ የምታየው ትልቅ ወንበር፣ ይህን አገር «በሞግዚትነት» ይዘው የኖሩት ባዕዳን የላኩት ዳኛ ይቀመጥበት የነበረ ነው። ችሎቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እኔም አገር ቤት ዳኛ ነኝና፣ ሳየው አላስቻለኝም፤ ፎቶ እንድታነሳኝ ስልኬን ለአስጎብኚዋ ሰጥቼ ወጣሁበት።

አንድ የዚሁ አገር ሰው የሆኑ ሽማግሌ ጎብኚ ደክሟቸው የተከሳሽ አግዳሚ ላይ አረፍ ብለዋል። ለቀልድ ብዬ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ልክ እንደ ሥራ ቀን፣ «ተከሳሽ፣ ተነስ!» አልኩ።

ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«በጉርምስናቸው እዚሁ ቆመው ተፈርዶባቸዋል» አለችኝ አስጎብኚዋ፤ «ያኔም የዳኛውን ቋንቋ አይሰሙም ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወርጄ «ይቀመጡ፣ አባቴ፣ በሞቴ!» ብል ማን ሰምቶኝ፤ ደግፌ እስካስቀምጣቸው ድረስ እንደቆሙ ቀሩ።

አየህ፣ እኛ ዘንድ ስገባ ችሎቱ ሁሉ ሲነሳልኝ፣ አክብረውኝ ይመስለኝ ነበር።

ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ ባለቤትህንም ሰላም በልልኝ። ስመጣ ፎቶ አሳየን እንዳትሉኝ ብቻ፤ ፎቶው ላይ እየሳቅሁ ነው።