ሟቹ አቶ የሺጥላ ማዳበሪያቸውን ራሳቸው ቀርበው እንዲወስዱ ስለተጠሩበት ጉዳይ

ለክቡር የአርሶ አደር መረጃ ማመሳሰያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ ውኃና ለስላሳ የማይጎድልበት ስብሰባ እመኝልዎታለሁ። እኔ ቡሬ ከተማ ታሪክ አስተምሬ የማድረው ፍጹም መሐሪ ደህና ነኝ፤ በገጠር የሚኖሩት አክስቴ ወይዘሮ ደጊቱም ደህና ናቸው። የአክስቴ ባለቤት አቶ የሺጥላ ግን ባለፈው ጥር ሞተዋል። ይህን የምነግርዎ አጽናኑን ለማለት አይደለም፤ በጽሕፈት ቤትዎ ኮምፒዩተር ውስጥ እስካሁን በሕይወት ስላሉ፣ ድንገት የምትገናኙ ከሆነ ሰላምታችንን እንዲያደርሱልን ነው።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የየቀበሌው የግብርና ባለሙያ ታብሌት ይዛ ከቤት ቤት እየዞረች፣ ማን ምን ያህል መሬት እንደሚያርስ፣ ማን እንደሞተና ማን እንደተተካ ትመዘግባለች። በየዓርቡ ታብሌቷን ፍኖተ ሰላም ወስዳ ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ጋር ታመሳስላለች፤ ወጣቶቹ ሲንክ ማድረግ የሚሉት ነው። ማዳበሪያ የሚሰጠውም ኮምፒዩተሩ ለጠራው ስም ብቻ ነው። የአክስቴ ባለቤት ስም በአክስቴ ስም መተካት ነበረበት። አልተተካም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መጋዘኑ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። አክስቴ አህያ ጭነው፣ ጭቃውን አቋርጠው፣ መጋዘኑ በር ሲደርሱ፣ መጋዘን ጠባቂው ቢያዝን በታላቅ አክብሮት ተቀብሏቸው፣ «እትዬ ደጊቱ፣ ስሙ የአቶ የሺጥላ ነው፤ እሳቸው ይምጡና ይፈርሙ» አላቸው። አክስቴም «እሳቸው ቢመጡማ ማዳበሪያው ለምኔ፣ አንተው ውሰደው» ብለው፣ «ሬሳቸውን ተሸክመህ የለም ወይ፣ ንፍሮውንስ በልተህ የለም ወይ» ሲሉ ጠየቁት። ቢያዝን ሐሰት የማያውቅ ሰው ስለሆነ አልካደም። «ተሸክሜያለሁ እትዬ፤ ስሸከም ግን ሲስተሙ አላየኝም» አለ። አህያዋ ባዶዋን ተመለሰች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያፈረች የምትመስለው እሷ ብቻ ነበረች።

ሁለተኛ፤ የቀበሌያችንን የግብርና ባለሙያ እፀገነትን በትዕግሥት ስላሠለጠኑልን ከልብ አመሰግናለሁ። ይህች ልጅ የአቶ የሺጥላን ሞት ደጋግማ መዝግባለች። ሐሙስ በታብሌቷ ላይ ሟች ናቸው፤ ዓርብ ስታመሳስል ይነሣሉ። አክስቴ ምን ሆንሽ ብለው ቢጠይቋት፣ «እትዬ፣ እኔ ገድዬ እወስድላቸዋለሁ፣ እነሱ አስነሥተው ይመልሱልኛል፤ በቀብራቸው ቀን ያላለቀስሁትን ዓርብ ዓርብ እያለቀስሁት ነው» አለቻቸው። አክስቴ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው ስለማላውቅ፣ ለዚህም ምስጋናው የእርስዎ ነው።

የዓርቡ ሥነ ሥርዓት በራሱ የሚያስቀና ነው አሉ። ባለሙያዎቹ ተሰልፈው፣ ኬብሉ ተሰክቶ፣ አረንጓዴው መስመር ሞልቶ «በተሳካ ሁኔታ ተመሳስሏል» ሲል ይጨበጨባል፤ እርስዎም መቶ በመቶ ብለው ሪፖርት ይልካሉ። ሪፖርቱ ውሸት የለበትም። በእርግጥም ተመሳስሏል፤ ልጆቹ በእግራቸው ዞረው ያመጡት አዲስ መረጃ ተደፍቶ፣ የኮምፒዩተሩ አሮጌ በላዩ ተገልብጦ፣ ሁለቱም እኩል አሮጌ ሆነዋል።

ሦስተኛ፤ ችግሩን ለመፍታት ያልቆፈሩት ጉድጓድ የለም። መጀመሪያ ታብሌቱ ጠፍቶ ይነሣ አሉ፤ ጠፍቶ ተነሣ። ቀጥሎ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው ተባለና የኬብል አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ኬብሉን ቀየረ። ከዚያ ኔትወርኩ ነው ተባለና ባለሙያዎቹ ታብሌታቸውን ወደ ሰማይ እየዘረጉ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን ጉብታ ወጡ፤ ምእመናኑ ምሕላ የገባ መስሏቸው ተከተሏቸው። በመጨረሻም ሁሉም ታብሌት ባዶ ተደርጎ እንደ አዲስ እንዲጫን አዘዙ፤ በዚህም ገና ያልተመሳሰለው የጥቂት ቀበሌዎች መረጃ ቀልጦ ቀረ። ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ኮሚቴው ለልምድ ልውውጥ ባሕር ዳር ተላከ። ሲመለስ የያዘውን ፎቶግራፍ አይቻለሁ፤ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ለፊት ቆመው ሁላቸውም እርጥብ ናቸው። ፏፏቴው ስለ ማመሳሰል ምን ልምድ እንዳካፈላቸው ግን ከፎቶግራፉ አይነበብም።

አራተኛ፤ አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። እፀገነት ታብሌቷን ስታሳየኝ ማዕዘኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት 2017 ይላል። ይህ ምን ችግር አለው፣ ዓመቱ 2017 አይደለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ግን ቀኑን ራሱ ከኔትወርክ ስለሚወስድ 2025 ይላል። ማመሳሰያው ደግሞ ሁለት የማይስማማ ነገር ሲገጥመው አዲስ ቀን ያለውን ይይዛል፣ አሮጌውን ይጥላል። ስለዚህ እፀገነት ትናንት የመዘገበችው ሁሉ ለኮምፒዩተሩ የስምንት ዓመት ወሬ ነው። በእሱ ስሌት አቶ የሺጥላ ከስምንት ዓመት በፊት ሞተው፣ በኋላ ተነሥተው፣ መሬታቸውን እያረሱ ነው። ይህን ትንሣኤ የሚመሰክረውም የእርስዎ ማኅተም ነው።

የታብሌቶቹ ቀን በእጅ እየተጻፈ በኢትዮጵያ ዘመን እንዲሆን ያዘዙት እርስዎ እንደሆኑ ስሰማ አላመንሁም ነበር። ባለፈው ጳጉሜን ታብሌቱ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ አልቀበልም ሲል፣ ወሩ እስኪያልፍ ምዝገባ እንዲቆም አድርገዋል አሉ። በጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝዎን ያልተቀበለ ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው፤ ይኸውና አንገቱን ደፍቶ ሙታን ያስነሣል። ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ በትሕትና ባስረዳ፣ «መምህር፣ ታሪክ አስተማሪ ሆነህ ዘመናችንን ጥለን በሰው ዘመን እንግባ ትላለህ?» አሉኝ። በዙሪያዎ የነበሩት አጨበጨቡ። እኔ ዘመናችንን እወደዋለሁ፤ የተጠመቅሁበትም የምቀበርበትም እሱ ነው። በእሱ ስም የሴት ማዳበሪያ ተይዞ ሲጨበጨብ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አብሬ አላጨበጨብሁም።

አክስቴ በቆሎውን ያለ ማዳበሪያ ዘርተዋል፤ ዝናቡ የእርስዎን ዓርብ አይጠብቅማ። አሁን ጉልበት ደርሷል፤ ቅጠሉም ቢጫ ሆኗል። በዚህ ሳምንት ዩሪያ ካላገኘ ተስፋ የለውም። ጎረቤታቸው ገብረሰንበት በስሙ ዩሪያ ወስዷል፤ «እትዬ፣ መሬቱን ለእኩል ይስጡኝና ከኔ ላይ ልጨምርበት» ብሏቸዋል። መልካም ሰው ነው፤ ጉዳቸውን አይቶ ነው። አክስቴ ግን እስከ እሑድ ቆይ ብለውታል። ከእሑድ በኋላ የዓመት ጉርሳቸው ግማሹ የሌላ ነው፤ ከባላቸው ጋር በጨረቃ ሳይቀር ያረሙትን መሬት ጥግ ቆመው ሌላ ሲያርመው ያያሉ።

ስለዚህ የምለምንዎ አዲስ ኬብል፣ አዲስ ኮሚቴ፣ ሌላ ፏፏቴም አይደለም። ታብሌቶቹ ቀኑን ከኔትወርክ ራሳቸው እንዲወስዱ ይፍቀዱላቸው፤ እፀገነትም አንድ ጊዜ ደግማ ትመዝግብ። ዘመናችን ለዚህ አይከፋውም፤ በቀን መቁጠሪያችን፣ በጾማችንና በበዓላችን እንደነበረ ይኖራል።

ሞትን በሥልጣናቸው ላገዱት፣ ሕያዋንን ግን ለማገልገል ጊዜ ላጠራቸው ለክቡርነትዎ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ፍጹም መሐሪ
የወይዘሮ ደጊቱ የእህት ልጅ
ቡሬ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ያን ቀን ስለ ዘመናችን ሲያስተምሩኝ፣ ጠረጴዛዎ ላይ የነበረው የግል ስልክዎ በርቶ ቀኑን አየሁት፤ 2025 ይላል። ስሙን ከማልጠቅሰው የቢሮዎ ሰው እንደሰማሁት፣ እርስዎም ስልክዎን መጀመሪያ በኛ ዘመን አድርገውት ነበር፤ የባንክዎ አፕ «ቀንዎን ያስተካክሉ» ብሎ አልከፈት ሲልዎ ግን፣ ኮሚቴም ሳያቋቁሙ፣ እዚያው በቆሙበት አስተካከሉት። እንግዲያው እስከ እሑድ ሌላ መንገድ ከሌለ፣ አክስቴን በእርስዎ ስልክ ይመዝግቡልኝ፤ እዚያ እንኳ ባለቤታቸው ሞተው ይረፉ።