ከአንድ ጫካ አሥራ አንድ ዓይነት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛዬ

ለእህቴ ልጅ፣ ለመዥገሮች ንግሥት፦

ሰላምታው ይቆይሽና መጀመሪያ ክስ አለኝ። የላክሽልኝን ጥናት መዝገበ ቃላት ታቅፌ ሁለት ሳምንት አነበብኩት። መጨረሻ ላይ «ምስጋና» ከሚለው ስደርስ የእኔ ስም የት ተገኘ? ከላቦራቶሪሽ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ በታች! ሰውየው የጠገነው አንድ ማቀዝቀዣ ነው። እኔ ግን ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ወትፌ፣ መዥገር እንዲጣበቅበት ነጭ ጨርቅ ሣር ለሣር እየጎተትኩ፣ ሰፈርተኛው «ሰዓት ሠሪው ለየለት» እያለ ሲስቅብኝ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መዥገር የለቀምኩ ሰው ነኝ።

እርግጥ የመጀመሪያውን ወር አበላሽቻለሁ። መዥገር ያው መዥገር ነው ብዬ ሁሉንም አንድ ጠርሙስ ውስጥ አጭቄ ስልክልሽ፣ «አጎቴ፣ ሠርግ ደግሰህላቸው ነው እንዴ? የትኛው ከየት እንደመጣ አሁን ማን ይነግረኛል?» ያልሽኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷን ለብቻዋ፣ ብሎን በማስቀምጥባት ብልቃጥ፣ ቀንና ቦታ ጽፌ እልክልሽ ጀመር።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ሩብ ሰዓት እንኳ ከማያስኬድ የሰፈራችን ጫካ መንገድ፣ በመዥገር ንክሻ የሚተላለፈውን የላይም በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ አሥራ አንድ ዓይነት ለይተሻል። እኛ አንድ በሽታ፣ አንድ ተሕዋስ ብለን ስንተኛ፣ አንዷ መዥገር ብቻዋን ከአሥራ አንዱ አራቱን ተሸክማ ትዞር ኖሯል! አንዱ ቆዳ ላይ ቀይ ክብ ሠርቶ ይቀራል፣ ሌላው እስከ መገጣጠሚያና እስከ ነርቭ ይዘልቃል። የባክቴሪያውን ፎቶ በሰዓት ማጉያዬ አየሁት፤ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠማዘዘ ነገር ነው። አርባ ዓመት ሞላ ሳስተካክል ኖሬ፣ እንዲህ ያለም ሞላ እንዳለ ያሳየችኝ አፍንጫዋን ስጠርግላት ያደገች ልጅ ናት። ማጉያዬን አውልቄ ዓይኔን አበስኩ። አቧራ ነው፤ እንዳትስቂ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ፈታኞችሽ ፊት የምትቆሚበት ቀን ሁለት ወር ቀርቶታል፤ «ትመጣለች ወይ?» ብለሽ ሦስቴ ጠይቀሽኛል፣ እኔም ሦስቴ ወሬ ቀይሬብሻለሁ። የሕክምና ትምህርቱን ትተሽ ወደ መዥገር ጥናት ከዞርሽ ወዲህ «ሰው ታክምልኛለች ስል ተባይ ትቆጥራለች» ማለቷን አልተወችም። እሑድ ስፌት ቤቷ ሄጄ የጥሪ ደብዳቤሽን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አኖርኩት።

«ለመዥገር ብዬ አውሮፕላን አልሳፈርም» አለች።

«መዥገሯ እንኳ በፖስታ ተሳፍራለች፤ ካንቺ እሷ ተሻለች» ብላት መቀሷን አነሳች። እኔም ወጣሁ።

ትናንት ግን ለማሳጠር የሰጠኋትን ሱሪዬን ልወስድ ሄጄ በሩ ላይ ድምጿን ሰማሁ። አንዲት ደንበኛዋን እየለካች፣ «አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም፤ አሥራ አንድ ነው። የለየችው ልጄ ናት» ትላለች።

ሴትዮዋ «ሐኪም ናት እንዴ?» ብትላት፣ በከንፈሯ መርፌ እንደነከሰች፣

«ሐኪሞቹ ናቸው ከሷ የሚማሩት» አለች።

ዞር ስትል አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሱሪህ አልደረሰም!» ብላ ጮኸችብኝ። ሱሪው ተተኩሶ ከኋላዋ ተሰቅሏል። ጥናትሽን ማን እንዳነበበላት አልጠየቅኩም፤ ዘወር ብዬ እየሳቅኩ ሄድኩ።

ያም ሆኖ የእናትሽን እልህ አንቺም ታውቂዋለሽ። የተናገረችውን ከምትውጥ መርፌውን ብትውጥ ይቀላታል። ስለዚህ ትመጣለች ብለሽ በር በሩን አትዪ፤ እንደማትመጣ አድርገሽ ተዘጋጂ። አንደበትሽን ያፍታታልሽ፣ ልብሽን ያጽናልሽ፣ ጠያቂዎችሽን ቅን ያድርግልሽ። እዚህ ያለን ሰዎች…

ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው።

እናትሽ ናት! ደረጃው ይበዛል ብላ ሰባት ዓመት ያልወጣችውን አራት ፎቅ ወጥታ፣ በሬ ላይ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። የቪዛ ፎርም ይዛለች።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«መቀመጥ ይደርሳል። እዚህ ጋ የጉዞ ምክንያት ይላል፤ ምንድን ነው የሚሞላው?»

«ዘመድ ጥየቃ በይው፤ ይበቃል።»

«አይበቃም» አለች። «ልጄ ስለ መዥገር ስታስረዳ ለመስማት ብለህ ጻፍ። አጣርተህ ጻፈው ደግሞ፣ እንዳይሳሳቱ።»

እስክሪብቶዬ ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ ፎርሙን ዘርግታ ትጠብቀኛለችና ደብዳቤሽ እዚህ ይብቃው።

አጎትሽ