የእማዬ ጥንስስ እንዴት እንደሞተ

ለምወድሽ እህቴ ለፀደንያ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የአገሩ ብርድስ? ያ ስሙን መጥራት የሚያቅተኝ መሣሪያሽስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ሰበታ ውስጥ ደህና ማለት ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቷል ማለት ነው። የጎረቤታችን የኦቦ ኩምሳ ልጅ ግን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰልፍ ሰሞን እንደተያዘ አልገባም። ዕቅዱ ቀረ ከተባለ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ አባትየው አሁንም ስንቅ ይዞ ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ ይዞራል። ስኳር ታጠናለች ስለው አንቺን የስኳር በሽታ ሐኪም አድርጎሻል፤ አላረምኩትም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ለመረዳት፣ ሁለቱን ለመቅናት። በአልኮል ፋብሪካው ላብራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት የገባውን ስኳርና የወጣውን አልኮል ስለካ ኖሬአለሁ። መሀል ላይ፣ እርሾዋ ውስጥ፣ ስኳሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ የነገረኝ የለም። ከዓለም ገና የተነሱትንና ጀሞ የደረሱትን ሚኒባሶች ብትቆጥሪ፣ መንገድ ሲዘጋ ስንቱ በየትኛው ቅያስ እንደዞረ አታውቂም። አንቺ ግን ሚኒባሶቹ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሪባቸዋለሽ። ከተለመደው ትንሽ ከበድ ያለ ካርቦን ያለበት ስኳር እርሾዋን ታበያትና፣ ያ ካርቦን የት የት እንደደረሰ አይተሽ በየመንገዱ ስንት እንዳለፈ ታሰያለሽ። አየሽ፣ ገብቶኛል። ለዚያ ትምህርት አብረን ነበር ያመለከትነው፤ አንቺ አለፍሽ፣ ለእኔ "በርቺ" ማለት ደረሰኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኅዳር ላይ የቤት እርሾ ልመረምር ነው ብለሽ ከእማዬ የጠላ ጥንስስ አስላክሽኝ። ሞቶ ደረሰሽ። በሰልፉ መንገድ ተዘግቶ ሦስት ቀን መኪና ውስጥ ሐሩር ላይ ስለዋለ ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። መንገዱ መዘጋቱ እውነት ነው። ጥንስሱን የገደልኩት ግን እኔ ነኝ። ከመላኬ በፊት ፋብሪካ ወስጄ ፈላ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆየሁት። ሥራ በሥርዓት ይሁን ብዬ ቴርሞሜትርም ከትቼበታለሁ። እኔ ያልደረስኩበት ቦታ የእማዬ ጥንስስ መድረሱ አንገበገበኝ። ኦቦ ኩምሳ ልጁን ሲፈልግ፣ እኔ በእሱ መከራ ውሸቴን ሸፈንኩ።

ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። አንቺ ግን በስልክ "ሞቶ ደረሰ" ስትያት እማዬ "እጄ ከድቶኛል" ብላ ጠላ መጥመቅ ተወች። ለገና እንስራው ባዶውን ተደፍቶ ዋለ። ለጥምቀትም እንዲሁ። ያኔ ፊቷ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"እሰይ፣ ጥፋቱ የእጄ አይደለማ" አለች። ቀጥላም "ለአንተ መስጠቴ ነው እንጂ፤ ለሰብለወርቅ ብሰጣት ኖሮ" አለች። ሚስቴ ሰብለወርቅም "እውነትሽን ነው" አለቻት። በማግስቱ ጌሾው ተወቀጠ።

እማዬ በጣም ትናፍቅሻለች፣ ቶሎ ቶሎ ደውይ ትልሻለች። ሰብለወርቅ ሰላም ብላሻለች። ልጄ ዕድላዊት "አክስቴን ሳምልኝ" ብላለች። ኦቦ ኩምሳ ደግሞ ስለ ልጁ እንድትጸልዪለት አደራ ብሏል። እኔም ይቅር በይኝ፤ ቅናቱ ግን ገና አልለቀቀኝም።

አዲሱን ጥንስስ እማዬ ራሷ አሽጋ ክዳኑን በቀይ ክር ቋጥራዋለች። አቋጠሯን ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። ተፈትቶ ከደረሰሽ በየት በኩል እንዳለፈ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ዳኜ
ሰበታ፣ ጥር 19 ቀን 2008 ዓ.ም.