የተዘቀዘቀው ነጠላ

መካነ ሰላም፣ ማክሰኞ ኅዳር 15

ስለ ከተማችን ተወላጅ ደራሲ ለልጆች ያዘጋጀነው ባለሥዕል የሕይወት ታሪክ ዛሬ ታትሞ ከደሴ ደረሰ። ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእናቱ ለእትዬ ዘርፌ ይዤላቸው ሄድኩ። ገጹን በመዳፋቸው እየዳበሱ አዩ። ልጃቸው ለትምህርት ወደ ደሴ ሲሄድ አውቶቡሱ ጋ ቆመው የሚሸኙበት ገጽ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቀጥ አለ።

«ነጠላዬን ለምን ዘቀዘቅከው?» አሉኝ።

ቀረብ ብዬ አየሁት። ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ልክ ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው። ይህን ሳላይ ነው ማተሚያ ቤት የሰደድኩት!

«ያን ቀን እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄን በቁሙ አለቀስኩበት እንዴ?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ አውቀህ አይደለም» ብለው እሳቸው እኔን አጽናኑኝ። መጽሐፉን ግን መለሱልኝ።

እኔ እዚህ መምህር ሆኜ ተመድቤ የመጣሁት ልጃቸው ከሞተ በኋላ ነው። ነጠላቸውን ሳይዘቀዝቁ አይቻቸው አላውቅም።

ቤት ገብቼ ገጹን እንደገና ልስለው ተቀመጥኩ። ነጠላውን ወዲያው አስተካከልኩት። ደስ ሲላቸው ፊታቸው ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም።