የአሥራ አምስት ቀን ግድግዳ

ወሎ ሰፈር፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለእጸገነት አምኃ
ናይሮቢ

ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እኅቴ ለምለም አንድ ክፍል ለቅቃልኛለች፤ ራዲዮኗን ታስጮኸዋለች እንጂ አልተከፋሁም።

የመጽሐፍሽን ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩት አሥራ ሰባት ቦታ ነው፤ በአንቺ ማዕረግ ላለ ሰው ብዙ ነው። ሆኖም ኮርቻለሁ። በሒሳብ ደብተርሽ የጎረቤቱን ቤት ሁሉ እየሣልሽ ታስቆጪኝ የነበርሽ ልጅ፣ ዛሬ የሥነ ሕንፃ መምህር ሆነሽ የካዛንቺስ ሰው ቤቱን እንዴት እየከፋፈለ እንደኖረ ታስተምሪያለሽ።

አራተኛው ምዕራፍ ግን ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ።

ሳሎናችንን ለሁለት የከፈለችውን ግድግዳ አንሥተሽ፣ የመንግሥት ሠራተኛው የቢሮ ሥራውን ቤቱ ይዞ ሲመጣ እንዲህ ያለ ክፍል ያበጅ ነበር ብለሻል። ለዶክትሬትሽ ስትጠይቂኝ ይህን ብዬ ቅጹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ «መረጃ ሰጪ ቁጥር አራት» የምትያት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ግድግዳ በስንት ጉባኤ እንደተናገርሽ አውቃለሁ። ግብዣ በመጣልሽ ቁጥር ትነግሪኝ ነበር፤ እኔም «ጎበዝ» ብዬ ዝም እል ነበር።

የካዛንቺሱ ቤታችን ለልማት የፈረሰ ዕለት አናጢው ፀሃዬ ዕቃ ሊያወጣልኝ መጥቶ ነበር። ከአፍራሾቹ አንዱ ያችን ግድግዳ በእግሩ ቢመታት ወደቀች።

«ይህችን ደግሞ ማነው የሠራት? ግድግዳ ናት መጋረጃ?» ብሎ ሳቀ።

ፀሃዬ ተቆጣ። «እኔ ነኝ! እትዬ ብርነሽ ለአሥራ አምስት ቀን ነው ብለውኝ እኮ ነው! እንደምትከርም ቢነግሩኝ ጭቃውን አቡክቼ፣ ማገሩን አጥብቄ አቆማት አልነበር? እትዬ፣ ይንገሩልኝ እንጂ!»

«እውነቱን ነው» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1983 ዓ.ም. አባትሽ በእንግዶች ፊት አረመኝ። አንድ ዓመተ ምሕረት ተሳስቼ ተናግሬ ነበር፤ እሱ ልክ ነበር። ሰውን ሁሉ የማርም ሴት፣ መታረሙን መሸከም አቃተኝ። ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ግድግዳዋን አሠርቼ የእሱን አልጋ ከግድግዳዋ ወዲያ አዛወርኩ። አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። እሱ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም ትፍረስ አላልኩም። አንቺ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሽና «አባባ ሥራ አለው» አልኩሽ። እሱም እኔ ውሸታም እንዳልሆንብሽ ብሎ ከቢሮ ወረቀት እያመጣ ጠረጴዛው ላይ ይደረድር ጀመር። ሰባት ዓመት ደረደረ። እዚያው ክፍል ውስጥ ካረፈ በኋላ ወረቀቶቹን አየኋቸው። ምንም አልተጻፈባቸውም።

አሁን ቤቱ የለም፤ ሄዶ የሚያጣራም አይኖርም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ነገር ግን የቀረን ያንቺ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ አባትሽ በሐሰት እንዲቀመጥበት አልፈልግም። ማተሚያ ቤት ሳይገባ አርሚው። ምዕራፉ እንዳለ ሊፈርስብሽ፣ ያመኑሽ መምህራንም ሊጠይቁሽ ይችላሉ። በግርጌ ማስታወሻው ስሜን ሙሉውን ጻፊ፤ ቁጥር አራት አትበይ።

የግድግዳዋን ውፍረት ጠይቀሽኝ ነበር። ከመውደቋ በፊት በልብስ መለኪያ ሜትሬ ለክቻታለሁ፤ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ተኩል ናት። በዚያ ውፍረት ሳል ይሰማል። ሰው አልጋው ላይ ሲገላበጥም ይሰማል። ይህኛውን መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግሽም።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክልኝ። በቤትሽ በሌሊት የሚያስል ሰው ቢኖር፣ ተነሥታ ውኃ የምትሰጥ ያድርግሽ።

እናትሽ
ብርነሽ