ቤዛ ዝም ስትል

ኅዳር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ዳንግላ፣ 7፡00 ሰዓት

የክትባት ቀን። ጤ/ጣቢያው ጢም ብሏል። የወጋኋቸው ሕፃናት ሁሉ እየጮኹ ወጡ። ቤዛዬም ዘጠኝ ወሯን ስለሞላች የኩፍኙን ወጋኋት። ጭጭ። ባልደረቦቼ ጎበዝ አሏት። አብረውን የሚኖሩት አማቴ እማማ ጥሩዬም ሁሌ ጨዋ ልጅ ነው የሚሏት። ኮራሁ።

ኅዳር 9፣ እንጅባራ

ሥልጠና። ስለ ሕፃናት አእምሮ። አሠልጣኟ እንዳለችው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አእምሮ ገና እየተሠራ ነው። ቤቱ ጩኸትና ፍርሃት ከሆነ፣ የሚያባብልም ከጠፋ፣ ሕፃኑ ለመጫወትና ለመማር የሚያውለውን ጉልበት አደጋ በመጠበቅ ይጨርሰዋል። አንዳንዱ አብዝቶ ያለቅሳል። አንዳንዱ ማልቀሱን ይተዋል።

እዚህ ላይ መጻፍ አቃተኝ። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ኅዳር 12፣ ማለዳ

ትናንት ባሌ ደረጀ ከሥራ ሲገባ ቤዛን አየኋት። በሩ ገና ሲንቋቋ ደረቀች። ወጡ ጨው በዛው ብሎ ጮኸ፤ ሳህኑን ወረወረው። እሷ ዓይኗን አላርገበገበችም።

ማስታወሻዬ፣ የሚመታው እኔን ነው፣ እሷን አይነካትም እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ።

ኅዳር 13

የተማርኩትን ለደረጀ ነገርኩት። ሳቀ። እሱም በጩኸትና በዱላ ነው ያደገው፤ ምን ሆነ?

መልስ ነበረኝ። ፈራሁ።

ኅዳር 14፣ 9፡00 ሰዓት

ለእማማ ጥሩዬ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ባቄላ መፈልፈላቸውን አቆሙ።

«ደረጀም እንዲህ ነበር» አሉኝ። «አባቱ ሲገባ ይደርቅ ነበር። እኔም ጨዋ ልጅ እል ነበር።»

ቤዛን አቅፈው በአዊኛ የሆነ ነገር ነገሯት። ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም።

ኅዳር 15

ዛሬ ቁርስ ላይ እማማ ራሳቸው ለደረጀ ነገሩት። እሳቸው ወደ አዘና፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ እኔና ቤዛ አብረናቸው እንሄዳለን። «እጅህንም አፍህንም ካልሰበሰብክ እንዳትመጣ» አሉት። ይጮሃል ብዬ ቤዛን አጥብቄ አቀፍኳት። አልጮኸም። አንገቱን ደፍቶ እጆቹን ሲያይ ቆየ። አሳዘነኝ። እንቅር ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ኅዳር 16፣ 1፡30 ሰዓት

መናኸሪያ። እስከ እንጅባራ ሚኒባስ አግኝተናል። ፈቃድ አለኝ፤ ወደ አዘና ጤ/ጣቢያ የዝውውር ማመልከቻም አስገብቻለሁ። በፍርሃት የተሠራው አእምሮ ይቃና እንደሆነ አሠልጣኟን አልጠየቅኳትም። መልሱን ፈርቼ። እደውልላታለሁ። ምንም ትበለኝ ምን፣ ወደዚያ ቤት፣ እንደነበረ ከሆነ፣ ቤዛን አልመልሳትም።